ጾም የማያውቅ ዓሣ

«በላኋት!» ብዬ ጮኽኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ባለቤቴ ብንን ብላ «ማንን?» አለችኝ። «ንግሥቲቱን» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ሑዳዴ መሆኑን አትርሳ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የቋንቋችን ነው። ዳማ ላይ ቆርኪ እንበላለን፤ ካርታ እንበላለን፤ ቼዝ ሲመጣ ደግሞ ፈረሱን ከነጋላቢው፣ ንግሥቲቱን ከነዘውዷ እንበላለን። የተጭበረበረ ሰው እንኳ «ተበላሁ» ነው የሚለው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ስበላ ከረምኩ። ግን አንድም ቀን አልጠገብኩም። ለምን እንዳልጠገብኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሊቼስ የሚባል ቼዝ በነፃ የሚያጫውት ድረ ገጽ አለ። አንድ ፈረንሳዊ በ2010 የጀመረው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። አዲስ የመጣን ተጫዋች «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ሳይል 1500 ነጥብ አስጨብጦ ይቀበለዋል። እኔ ነጥቡን እንደ ደመወዝ ተቀበልኩት፤ እንደ ደመወዝም ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። 900 ቤት ስገባ ከማን ጋር እንደምጫወት እንኳ አላውቅም ነበር። ባላጋራዬ አንድ ቀን ከብራዚል ነው፣ አንድ ቀን ከኢንዶኔዥያ። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ፤ በሦስት ደቂቃ ቤቴን አፍርሶ ውልቅ ይላል። አንድ ጊዜማ ላሸንፍ ጫፍ ደርሼ ኔትወርክ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ሰዓቴ አልቆ ተሸናፊ ተብያለሁ። ኔትወርኩን ልረግም አፌን ስከፍት፣ ኔትወርክ ሳይጠፋ የተሸነፍኳቸው ሠላሳ ያህል ጨዋታዎች ትዝ አሉኝና መልሼ ዘጋሁት።

የእህቴ ልጅ ሁኔታዬን አይቶ አዘነልኝ። እሱ የኳስ ጌም ሰው ነው። «ጋሼ» አለኝ፣ «እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄደን ከመግጠማችን በፊት አሰላለፉን ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የምንሞክረው። እርስዎም አዲስ ስልት ካለዎት መጀመሪያ እሱ ላይ ይሞክሩት። ቢሸነፉም ማንም አያይዎትም።» ምክሩ ወርቅ ነበር። ወርቁን መዳብ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ከምክሩ ውስጥ «ማንም አያይዎትም» የምትለዋን ብቻ ነበር የያዝኳት።

ኮምፒውተሩ ስም አለው፤ ስቶክፊሽ ይባላል። የደረቀ ዓሣ ማለት ነው። በ2008 ነው የወጣው፤ መነሻው የአንድ ኖርዌያዊ ሥራ ሲሆን አንድ ጣሊያናዊ ተቀብሎ አሳደገው። ስለዚህ «ኖርዌይ ተመርቶ ጣሊያን የበሰለ» በሚል ቀልድ ይህ ስም ወጣለት። እኛ አገር በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ዓሣው ግን በጾም ሰው ይበላል ወይ በሚለው ላይ ምንም ክርክር የለውም።

ሊቼስ ይህን ዓሣ በ8 ደረጃ ከፋፍሎ ያቀርበዋል። ስምንተኛውን እንዲያው ለወጉ ሞከርኩት። እኔ ሩብ ሰዓት አስቤ የተራመድኩትን እሱ ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ ይመልስልኛል። ሲበላኝ ቢያንስ ትንሽ ቢያመነታ ምን አለበት? ወደ አንደኛ ደረጃ ወረድኩ።

አንደኛ ደረጃ ላይ አየሩ ራሱ ሌላ ነው። እዚያ ነው ስልቴ የተወለደው። ከንጉሡ ፊት ያለው ወታደር ሁለት ቤት ይወጣል። በተከፈተው በር ንግሥቲቱ በሰያፍ ወጥታ ሰሌዳው ዳር ትቆማለች። ቢሾፑ ይከተላል። ሁለቱም የሚያነጣጥሩት ከባላጋራ ንጉሥ አጠገብ ባለች አንዲት ወታደር ላይ ነው፤ እሷን ከራሱ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቃት የለም። በአራተኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ወታደሯን በልታ ንጉሡን ማት ትለዋለች። ቼዝ የሚማር ሕፃን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሸነፍበት፣ በሁለተኛው ሳምንት የሚያሸንፍበት፣ በሦስተኛው ሳምንት የሚተወው ስልት ነው። እኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ተቀመጥኩ።

ስልቱን «መብረቅ» ብዬ ክርስትና አነሳሁት። ደብተርም ገዛሁ። ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «እኔ»፣ በሌላው በኩል «ዓሣ» ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ውጤቱ 41 ለ 6 ነበር። ስድስቱን የተሸነፍኩት እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ ላይ መብረቁ አልወርድ አለ። እዚያ ደግሞ ሌላ ስልት አገኘሁ፤ ምንም አለማድረግ። ቆሜ እጠብቃለሁ። ዐሥር እርምጃ ወዲህና ወዲያ እያልኩ ስቆይ ዓሣው በራሱ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ያበላኛል። ይህንን «ትዕግሥት» ብዬ መዘገብኩት።

እዚህ ላይ የዓሣውን ጠባይ ካላወራሁ ታሪኩ አይገባም። ስቶክፊሽ በተፈጥሮው ደካማ መሆን አይችልም፤ ማዳከም ያስፈልጋል። ብዙ አርቀህ አታስብ ይባላል፤ ካገኛቸው እርምጃዎች መካከልም አልፎ አልፎ የባሰውን እንዲመርጥ ይደረጋል። ስለዚህ አሳሳቱ የሰው አሳሳት አይደለም። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው ፈርቶ ነው፣ ጎምጅቶ ነው፣ ወይም ሳያይ ቀርቶ ነው። ዓሣው ግን ዐሥር እርምጃ እንደ ሊቅ ይራመድና በዐሥራ አንደኛው፣ ሰባት ብርሌ እንደጨረሰ ሰው፣ ንግሥቲቱን አምጥቶ አፌ ውስጥ ይከታታል። ባለቤቴን የቀሰቀሰችው ንግሥት እንዲህ የመጣች ናት። ትግል ሲገጥሙት አውቆ የሚወድቅ አጎት አላችሁ? ልጁ አጎቱን ከጣለ በኋላ ሰፈሩን እየዞረ «ጣልኩት» ይላል። እኔ ያ ልጅ ነኝ፤ ልዩነቱ ፂም አለኝ።

ለመጽናናት ያህል፣ የሰው ልጅ ቼዝ ከሚጫወት ማሽን ጋር ተያይዞ ሲሞኝ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ ሰው ቪየና ቤተ መንግሥት ውስጥ ጥምጥም ያሰረ አሻንጉሊት ከአንድ ትልቅ ሣጥን ኋላ አስቀምጦ አቀረበ። አሻንጉሊቱ ቼዝ ይጫወታል፤ ያሸንፋልም። ናፖሊዮን ሳይቀር በ1809 ገጥሞታል። ሣጥኑ ውስጥ ለካ ሰው ተደብቋል! ያኔ ሰው ማሽን ውስጥ ተደብቆ ያጭበረብር ነበር። ዛሬ ተገላቢጦሽ ነው፤ በኢንተርኔት የሚያጭበረብረው ተጫዋች ፊት ለፊት ሰው ሆኖ ይቀርብና ማሽኑን በጓዳ ደብቆ ያማክራል።

ከእኔ በላይ የሆነም ተሞኝቷል። በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ በ1996 ዲፕ ብሉ የተባለውን ማሽን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበር። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ ሲገናኙ ማሽኑ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቋም ይመረምር ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ማሽኑ 44ኛው እርምጃ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አደረገ። ካስፓሮቭ ያን ጨዋታ አሸንፏል፤ ግን ከእርምጃው ጀርባ ጥልቅ ስሌት አለ ብሎ ተጨነቀ ይባላል። ከሠሪዎቹ አንዱ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው ግን ነገሩ የፕሮግራም ስህተት ነበር፤ ማሽኑ በዘፈቀደ የወረወረው ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ዲፕ ብሉ 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ። ካስፓሮቭ የማሽኑን ስህተት ጥበብ አድርጎ አየው፤ እኔ ደግሞ የማሽኑን ስህተት የራሴ ጥበብ አድርጌ አየሁት። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ደብተሬ ሲሞላ ወደ ሰው ተመለስኩ። መጀመሪያ የገጠምኩት ሰው «መብረቅ»ን በሁለት እርምጃ አከሸፈብኝ። «ትዕግሥት»ን ስሞክር ደግሞ እሱም ታገሠ። ሁለታችንም ስንታገሥ የእኔ ሰዓት ቀድሞ አለቀ። ለካ ከዓሣው ጋር ስጫወት ሰዓት አላስገጠምኩም ነበር! ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ቡና ቢፈላ፣ እንግዳ ቢመጣ ዓሣው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሰው ግን አይጠብቅም።

ኢንተርኔቱን አኩርፌ ጎረቤቴ ሻምበል ጋር ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ የቼዝ ሰሌዳቸውን ይዘረጋሉ፤ የጠፋው አንድ ወታደር በቢራ ቆርኪ ተተክቷል። ነጩን ሰጡኝ። በልቤ «ምስኪን» እያልኩ ወታደሬን አወጣሁ፤ እሳቸውም አወጡ። ንግሥቴን አስወንጭፌ ሰሌዳው ዳር አቆምኳት።

ሻምበል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መጀመሪያ ንግሥቲቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ፈረሳቸውን አወጡ። ቢሾፔን አስከተልኩ። በአንድ ጣት አንዲት ወታደር፣ ያቺኑ የቆርኪዋን፣ አንድ ቤት ገፋ አደረጓት። ንግሥቴ ቆርኪ ሸሽታ ወደ ኋላ ተመለሰችና እዚያችው ዒላማ ላይ በሌላ በኩል አፈጠጠች። ሁለተኛውን ፈረስ አወጡና ጋረዱባት። እኔ አንድ ወታደር ነካካሁ፤ የመጀመሪያው ፈረስ ወደ መሐል ዘሎ መጣባት። ንግሥቴ ሌላ መላ ስላጣሁላት ወደ ተነሳችበት ቤት ገባች። ሦስት ጊዜ ተጉዛ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ እሳቸው በዚያው ጊዜ ሁለት ፈረስ አሰልፈዋል።

«አንተ፣ ይቺ ንግሥትህ ቤት የላትም እንዴ?» አሉኝ። «መንገድ ለመንገድ ስትል ነው የማያት።»

ዝም አልኩ።

«በአባቴ ሰንጠረዥ ቢሆን ይሄ ሁሉ ዙረት የለም። በንግሥቲቱ ቦታ የምትቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ነው የምትራመደው፤ እንዲህ አገር አታቋርጥም።» ወሬ ከተነሳ አይቀር የድሮውን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ያወሩልኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በየፊናቸው እንደ ፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ሲበላ ነው ተራ የሚጠበቀው። «በወረራ ጊዜ» አሉ ሻምበል፣ «ዓይንህ ሰሌዳው ላይ ብቻ አይተከልም። የሰውዬውን እጅ ታያለህ፣ ፊቱን ታያለህ። ምን ፈለገ? ምን ፈራ? አንተ ግን እኔን አንዴም ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

እውነታቸውን ነው። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር... በዐሥራ አንደኛው እርምጃ ሻምበል ንግሥታቸውን እንዲያበሉኝ እየጠበቅኩ ነው። ዐሥራ አንድ አለፈ። ዐሥራ አምስት አለፈ። የተበላሁት ግን እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ ቢሾፕ፣ ቀጥሎ ሩክ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ስህተትዎን እጠብቃለሁ እንዳልል ነውር ነው። «ሻዩን» አልኩ። ሻይ አስመጡልኝ። ሻዩ ሳይበርድ ማት ሆንኩ።

ማታ ዓሣውን ከፈትኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን አንደኛ ደረጃን ተሻግሬ፣ ሦስተኛንም ተሻግሬ፣ በቀጥታ ስምንተኛው ላይ። «መብረቅ»ን ሞከርኩበት። ንግሥቴን አባሮ ከነክብሯ ቤቷ አስገባት። የሻምበልን ጨዋታ አስገብቼ መርምርልኝ ስለውም ምንም ሳያሽሞነሙን የት የት እንዳጠፋሁ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሁለት ወር ያልተማርኩትን በሃያ ደቂቃ ተማርኩ። ለካ ዓሣው ድሮም አስተማሪ ነበር፤ እኔ ነኝ አሽከር ያደረግኩት።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ አልፋዜሮ የሚባለውን አስታወሰኝ። በ2017 የወጣ ፕሮግራም ነው። የጨዋታውን ሕግ ብቻ ነግረውት ከራሱ ጋር እንዲጫወት ተዉት። ከዚያ ከዚሁ ከእኔ ዓሣ ጋር 100 ጨዋታ ተጋጥሞ 28 አሸነፈ፣ 72 እኩል ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። እሱም እንደ እኔ የተለማመደው ከማሽን ጋር ነው። ግን ባላጋራው ራሱ ስለሆነ፣ ማታ ያገኛትን ብልሃት ጧት ባላጋራው ያውቃታል። አውቆ የሚወድቅለት አጎት አልነበረውም። ስልት የሚፈተነው በሚቀጣህ ላይ ነው፤ በሚሸነፍልህ ላይ የሞከርከው ስልት ሳይሆን ልማድ ነው።

የድሮውን ደብተር ባለቤቴ ለእሳት ማቀጣጠያ ወስዳዋለች፤ አልተከራከርኳትም። በአዲሱ ደብተር ላይ በአንድ በኩል «እኔ»፣ በሌላው በኩል «ሻምበል» ይላል። እስከ ዛሬ 9 ጊዜ ተጫውተናል። 8ቱን ተሸንፌያለሁ። አንዱን እኩል ወጥተናል፤ መሸብንና መብራት ጠፋ።