የተደበቀችውን የእሳት እራት ለመለየት ለቆረጡ

በእንግሊዝ ደን ውስጥ ፔፐርድ ሞዝ የምትባለውን የእሳት እራት ፈልገው ለመለየት ከቆረጡ መጀመሪያ አንገትዎን ያሟሙቁ። ነጭ ክንፏ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት የምትመስለውን ይህችን ፍጥረት የምናውቃት በየመማሪያ መጽሐፉ ግንድ ላይ ተለጥፋ ነው። ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ ግን በሞተች የእሳት እራት የተዘጋጁ ናቸው። (የሞተችውን መለየት አያስቸግርም፤ ትተባበራለች።) የካምብሪጁ ተመራማሪ ማይክል ማጀረስ በገዛ ፈቃዳቸው ያረፉትን ሲፈልጉ ግማሽ ያህሉን ያገኙት የጎን ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሽቅብ ያንጋጡ።

ባለሙያ ካስፈለገዎ ወፍ ይከተሉ። ማጀረስ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ለዓመታት 4,864 የእሳት እራቶችን ዛፍ ላይ አሳርፈው ወፎች የትኞቹን አብዝተው እንደሚለቅሙ በአቅራቢ መነጽር ተከታተሉ። ወፎቹ ጎበዞች ናቸው። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው፤ መልሱን ይውጡታል።

ቀለሟንም አይመኑ። በ1848 ማንችስተር ውስጥ የዚህችው የእሳት እራት ጥቁር ዓይነት ተመዘገበች፤ በ1895 እዚያው ከመቶ 98ቱ ጥቁር ነበሩ። የድንጋይ ከሰል ጭስ ግንድ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ሊከን ገድሎ ቅርፊቱን ጥላሸት ሲቀባው ነጯ ለወፍ ዓይን ተጋለጠች። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጥቶ ጭሱ እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ የመለቀሙ ተራ የጥቁሯ ሆነ። እንግዲህ ያገኟትን ከሥዕል ጋር ከማመሳከርዎ በፊት ሥዕሉ የተሣለበትን ዘመንና የሰፈሩን የጭስ ማውጫ ብዛት ያጣሩ።

አባጨጓሬዋን ግን ይተዉአት፤ ይህ የወዳጅ ምክር ነው። ጭራሮ መስላ ከቅርንጫፉ ዘንበል ብላ ትገተራለች፤ ቀለሟንም ከጭራሮው ጋር ታስማማለች። ተመራማሪዎች ዓይኗን በጥቁር ቀለም ቢሸፍኑት በቆዳዋ አውቃ ተመሳሰለች። እርስዎ ያለዎት ሁለት ዓይን ብቻ ነው። የነኩት ጭራሮ ከተራመደ እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ከታከተዎ፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ማታ ደማቅ መብራት ከሳጥን በላይ ይስቀሉ፤ ሳጥኑ ውስጥም የእንቁላል ካርቶን ይደርድሩ። ደን ለደን ያንከራተተችዎ እመቤት ጠዋት ካርቶኑ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝታ ትጠብቅዎታለች። አንቴናው ላባ ከመሰለ ወንድ፣ ክር ከመሰለ ሴት ነው። ብቻ ማልደው ይነሱ፤ ሮቢን የምትባለው ወፍ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ ቶሎ ትለምዳለች፣ ቁርስ ላይም ይሉኝታ የላትም።