ፀሐይ መብራት ስትጠብቅ

የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ከርሞ መጣና እኛ ከተማ የጁቤ ላይ ቪላ ሠራ። ይሥራ፣ ማን ከለከለው! ጓሮውን ቆፍሮ መዋኛ ገንዳ ማውጣቱ ነው ያቃጠለኝ። የእኛ ቧንቧ ውሃ ከሚሰጥበት ቀን አየር የሚተፋበት ይበዛል፤ እሱ በቦቴ እያስጫነ ጉድጓድ ይሞላል።

ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ቀዘቀዘኝ አለ። «ሙቅ ውሃ ካማረህ ወደ ዓባይ በረሃ ውረድ» አልኩት። አዞ ፈራ። የሂልተን ሆቴል ገንዳ እንኳ የሚሞቀው አዲስ አበባ ከከርሷ በምታወጣው ፍል ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው በከንቱ አልነበረም። እኛ ሰፈር የሚቀዳው ግን ጥርስ ያንገጫግጫል።

ስለዚህ ጣራው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ የተደረደረበት ሰሌዳ ዘረጋ፤ ስፋቱ የገንዳውን ግማሽ ያህላል። ሞተር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቱቦው ውስጥ ፀሐይ ትለበልበዋለች፣ ለብ ብሎ ይመለሳል። ጥበቡ ይኸው ነው፤ አልጠላሁትም። ሞተሩ ግን የሚሠራው በመብራት ነዋ! እኩለ ቀን፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ውሃው በረዶ። «ምነው?» ስለው «ጋሼ፣ መብራት ሄደ» ይለኛል። ፀሐይቱ ጣራው ላይ ቆማ መብራት እስኪመጣላት ትጠብቃለች! አሁን ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሶላር ሊገዛ ነው።

የገጠመለት ባለሙያም የፈረንጅ መመሪያ አምኖ ሰሌዳውን ወደ ደቡብ አዘቅዝቆ ተክሎታል። የጁቤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ እኩለ ቀን ላይ ጥላችን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው፣ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለችና። ጋደም ቢያደርጉት ይበቃ ነበር። ማንኛውንም እረኛ ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር፤ ግን እረኛን ማን ይጠይቃል?

ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ገንዳው ሙቀቱን አብዛኛውን የሚያጣው በትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ስድስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ልጁ ቀን የለቀመውን ማታ ለብቸናና ለሞጣ ነፋስ ይመጸውታል። እኔ ጋቢ ደርቤ የምተኛው ለጌጥ ይመስለዋል? «መሸፈኛ ፕላስቲክ አልብሰው» ብለው «እይታ ያበላሻል» አለኝ። በጨለማ ማን ሊያየው!

ደህና በሞቀ ዕለት «በል ግባ» አልኩት። ልብሱን አወለቀ፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነከረና ስልኩን ማየት ጀመረ። ለእግርማ ሳፋ መች ጠፋ!