ጋሼ አዲስ አበባን ሲጠይቁ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ከተማ ሰው ይህን መንገድ የሚሄደው ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። «ቅዳሜና እሑድን ልዝናና» ብሎ የሚነሣ አይታመንም። እኔም እንደዚያ ብል ጎረቤቴ ከንፈሯን መጣ «ምርመራው ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝና «እግዜር ይማርህ» ብላ ሸኘችኝ። ያመኑኝ አጎቴ ብቻ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ የገፉ፣ አሁን ግን ከገበያ አርፈው የተቀመጡ ሰው ናቸው። «እኔም እሄዳለሁ። ወጪው በአንተ ነው» አሉ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

እኔ በስልኬ ዝርዝር ይዣለሁ፦ እንጦጦ ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም። ጋሼ ዝርዝር የላቸውም። ያላቸው አንድ አመል ነው፤ ያዩትን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ዋጋውን፣ ባለቤቱን፣ ለምን እዚያ እንደቆመ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ አፍራለሁ፤ የሥራ ክፍፍላችን ይህ ነበር።

ሚኒባሱ ሸኖ ላይ ቆም ሲል የቅቤ ዋጋ ጠየቁ። ሰንዳፋ ላይ የመሬት። ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ የተሸካሚውን ሒሳብ ጠየቁና ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸከሙ።

ከመገናኛ ቀላል ባቡር ያዝን። ከ2008 ዓ.ም መስከረም ጀምሮ የሚሠራው ይህ ባቡር አዲስ አበቤው የሚያማርርበት ነገር ነው፤ ይጨናነቃል፣ ይዘገያል ይላሉ። እውነት ነው፣ ተጨናንቀናል። ግን ከተማዋን ከላይ ሆኖ በትንሽ ሳንቲም እያዩ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ጋሼ በሰው ብብት ሥር ሆነው አንዱን ወጣት «የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ በምን በኩል ነው የሚዞረው?» አሉት። ባቡሩ አይዞርም፣ በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል አለው፣ የሚዞረው ሹፌሩ ነው ሲላቸው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ሰምተሃል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አላውቅም ነበር።

ስታዲየም ላይ ቀይረን አውቶቡስ ተራ ወረድን፤ መርካቶ። ዕቅዴ ምናለሽ ተራን አይተን ቶሎ እንድንወጣ ነበር። ምናለሽ ተራ ሊታይ ይገባዋል፤ ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው መጥበሻ ሲሆን እዚያው ዓይናችሁ ሥር ነው። ሆኖም ጋሼ መንገድ ላይ አንድ የብርድ ልብስ ሱቅ በር ላይ ቆሙ።

«ይህ ስንት ነው?»

ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አያቸው። «አባባ፣ ይሄ እንደሌላው አይደለም። የውጭ ዕቃ ነው።»

ጋሼ ብርድ ልብሱን እንደ ባለሙያ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አወጡት፣ ጠርዙን ገለበጡና ጽሑፉን ራቅ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ደ...ብ...ረ...» ከዚያ በኋላ ማንበብም አላስፈለጋቸው፤ የከተማችን ፋብሪካ ነው። እኔ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጋሼ ግን አልተቆጡም። «ልክ ነህ ልጄ፣ የውጭ ነው» አሉት፤ «እኛም ዛሬ ጠዋት ከዚያው ከውጭ ነው የመጣነው።»

ነጋዴው እስኪያስለው ሳቀ። በርጩማ መጣ፣ ሻይ መጣ፣ የጎረቤት ሱቆች ባለቤቶችም መጡ። ጋሼ የበሬ ገበያ ወግ አወሩ፤ እነሱ የኪራይና የግብር ብሶታቸውን ነገሯቸው። ዋጋው በየስኒው ይወርድ ነበር። በመጨረሻ እቤታችን በር ላይ ከምንገዛበት ዋጋ ሲደርስ ጋሼ ተነሥተው መረቁና ሳይገዙ ወጡ። «የመጣሁት ልጠይቅ ነው እንጂ ልገዛ ነው ብያለሁ?»

ፒያሳን በምሽት አየነው። በ2016 ዓ.ም ብዙው የቆየ ቤት ስለፈረሰ ጋሼ በወጣትነታቸው ያደሩበትን ሆቴል ፈልገው አጡት፤ የጠየቋቸው የዛሬ ልጆች ስሙንም አልሰሙ። ቆመው ከሚጠጡበት አንድ ቡና ቤት ገባን። ቡና ቆሞ መጠጣቱን በትዝብት ተቀበሉት፤ አንድ ጠጥቶ መውጣትን ግን አልተቀበሉም። አቦል ተጠጥቶ በረካ ሳይደርስ አይወጣም ብለው ያችን ትንሽዬ ጥቁር ቡና ሦስት ጊዜ አስቀዱ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርን አልተርክም። እሳቸው እንቅልፍ ስላልነበራቸው እኔም እንዳይኖረኝ ተደረገ።

እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ መልስ በእግራችን በአራት ኪሎ አድርገን ወደ አምስት ኪሎ ወጣን፣ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም። ትኬት ቆራጯን ለሽማግሌ ቅናሽ የለም ወይ ካሉ በኋላ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ወረድን። አስጎብኚዋ ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምትወድ። በ1967 ዓ.ም ኅዳር አፋር ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ እንደተገኘ ነገረችን። አክላም ይህ ቅጂ እንደሆነና ዋናው አጽም በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ ገለጸች። ብዙ ጎብኚ እዚህ ላይ ፊቱን ያኮሳትራል። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ደግ አደረጋችሁ። እኔም የመሬት ይዞታ ደብተሬን ለመጣ ሁሉ የማሳየው ኮፒውን ነው።»

ከዚያ ወደ መስተዋቱ ተጠጉ። «ልጅ ነበረች ወይስ ትልቅ ሰው?»

«ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም አባባ፣ ግን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ናት።»

«በምን አወቃችሁ?»

«በጥርሷ። የመጨረሻው መንጋጋዋ በቅሏል።»

እዚህ ላይ ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አርባ ዓመት የወይፈን አፍ እየከፈቱ ዕድሜ ሲናገሩ፣ በዚሁ ሲከራከሩ፣ አንዳንዴም ሲሸወዱ ኖረዋል፤ የዓለም ሊቃውንትም በዚሁ መንገድ እንደሚሄዱ የነገራቸው አልነበረም። የታችኛውን መንጋጋ ጎንበስ ብለው መረመሩት። ጥርሱ መበላቱን፣ አለመበላቱን፣ ምን ትበላ እንደነበር ጠየቁ። ልጅቷም ሰው አገኘሁ ብላ የምታውቀውን ሁሉ አወጣችላቸው፤ ከኋላችን የነበሩት ጎብኚዎችም ተጠግተው ያዳምጡ ጀመር። ይህን ሙዚየም ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ፤ በመስተዋቱ ፊት ፎቶ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። እንደዚያን ቀን ያለ ጉብኝት ግን አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባን፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳለበት ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ከፊቱ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጋሼ ታሪኩን ሰምተው «እነሱ ደከሙ፣ የኛው ወጣበት» አሉና አለፉ። ውስጥ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል አሳዩን። ጋሼ ቧንቧውን በጥርጣሬ አዩት።

«ውኃ ይመጣል?»

«አይመጣም አባባ።»

«እንግዲያው ከእኔ ቤት በምን ተሻለ?»

ከዝርዝሬ ያሳካሁት የዓድዋ መታሰቢያን ከደጅ ማየትን ብቻ ነው። ፓርኮቹ አምረዋል ይባላል፤ እኔም አላስተባብልም። ግን አጥር፣ አበባና ፏፏቴ ጥያቄ አይመልሱም፤ የእኔ ምርጫ ሁልጊዜም መርካቶና አምስት ኪሎ ነው፣ ያውም ከሚጠይቅ ሰው ጋር።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ ጋሼን አከራያለሁ። ምሳ፣ የባቡር ትኬትና ሦስት ስኒ ቡና በተከራዩ ወገን ነው። ማደሪያ ስትይዙላቸው ግን ክፍሉ ለየብቻ ይሁን።