የበረዶ፣ የጋቢና የካምሪ ግንኙነት በሌክውድ፦ የአንድ ሳምንት ምልከታ

የዚህ ጥናት ዓላማ ግንቦት ላይ በኮሎራዶዋ ሌክውድ የሚታየውን የሰማይ ጠባይ መመርመር ነው። ጥናቱ አንድ ሳምንት፣ አንድ በረንዳና አንድ ያረጀ ካምሪ ያካትታል። የገንዘብ ድጋፍ ያደረገልን አካል የለም። ቢኖር ኖሮ ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ እንከራይበት ነበር፤ ጥናቱም ባላስፈለገ።

መነሻችን ጂኦግራፊ ነው። ሌክውድ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በልጅነታችን እንደሸመደድነው ደግሞ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ምድር ወይና ደጋ ይባላል። ስለዚህ ሌክውድ ወይና ደጋ ናት ማለት ነው። ይህን ለከተማዋ የነገራት ግን ያለ አይመስልም። ጠዋት ቆላ ናት፣ ከቀትር በኋላ ከውርጭም የባሰች፣ ማታ ደግሞ ብርጭቆ ሰብሮ እጁን ወደ ኋላ እንዳደረገ ልጅ ጥርት፣ ጭምት ያለች።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስል ነበር። በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ ከግሪን ማውንቴን ጀርባ አንዲት ነጭ ደመና ብቅ አለች። በ8 ሰዓት እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት ገንፍላ ሰፈሩን ሸፈነችው። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የመጣ እርጥብ አየር በፀሐይ ሲሞቅና ወደ ሮኪ ተራሮች ሽቅብ ሲገፋ ከፍ ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያጉረመርማል። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ደግሞ የበረዶው ጠጠር መንገድ ላይ የሚቀልጥበት ጊዜ አያገኝም። ቆላ ላለ ሰው በስሎ ዝናብ ሆኖ የሚደርሰው ነገር ለእኛ ጥሬውን ይቀርብልናል።

ከዚያ ደመናው ወደ ምሥራቅ ያመራል። ኮልፋክስ ጎዳና ሌክውድን፣ ዴንቨርንና አውሮራን እንደሚያያይዝ ሁሉ ስልክም ያያይዘናል፤ ከእኛ ዘንድ «መጣላችሁ!» የሚል ጥሪ ሲደወል አውሮራ ያለው ሹፌር ቡናውን ሁለተኛው ላይ ትቶ ወደ ነዳጅ ማደያ ይበርራል። ሐሙስ ዕለት አንዱ ወዳጃችን እንደነገረን፣ ማደያው ጣሪያ ሥር መኪና ከመኪና ተዛዝሎ ቆሞ ነበር። ነዳጅ የሚቀዳ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቋንቋው እንለፍ፤ ጥናቱ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ከሰማይ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ ለሚወርደውም፣ እንደ ድንጋይ ለሚወረወረውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚረጋውም አንድ ቃል ብቻ ሰጥቷል፦ በረዶ። ውጤቱን በስልክ ሞክረነዋል። ደብረ ብርሃን ላሉት አክስታችን በረዶ መኪናችንን እንደበላው ብንነግራቸው፣ «ልጄ፣ በረዶ ባቄላ ሲበላ እንጂ መኪና ሲበላ አልሰማሁም» ብለው ጤንነታችንን ጠየቁ። እዚህ የቆየ ሹፌር ግን በረዶ አይልም፣ ሄይል ነው የሚለው። ቃሉ ከግእዙ «ኃይል» ጋር መዛመዱን የሚያስረዳ ሰነድ አላገኘንም። የመኪናችንን ኮፈን ያየ ሰው ግን ሰነድ አይጠይቅም።

መለኪያውም የባህል ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው በረዶን በሳንቲምና በኳስ ይለካል፦ ሩብ ዶላር፣ ጎልፍ ኳስ፣ ቴኒስ ኳስ፣ ቤዝቦል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት «ብርቱ» የሚለው ከሩብ ዶላር፣ ማለትም ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ያለውን ነው። እኛ በእህል እንለካለን፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሎሚ። ሁለቱ ሕዝቦች የሚገናኙት በዶሮ እንቁላል ላይ ነው፤ እነሱም ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተውታል። ቤዝቦሉን ግን በእህል መተርጎም አልተቻለም።

ቤዝቦሉ የወረደው እንደ ፈረንጆቹ ግንቦት 8 ቀን 2017 ነው። እዚሁ ሌክውድ ያለውን ኮሎራዶ ሚልስ የተባለ የገበያ ማዕከል ጣሪያውን በሳስቶ ውኃ አስገባበት፤ ማዕከሉ ተዘግቶ የተከፈተው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ውስጥ ነበር። በአካባቢው የደረሰው ጉዳት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። ፈረንጆቹ ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 2009፣ የልደታ ዋዜማ መሆኑን ነው። በልደታ ንፍሮ ከቤት ውጭ እንደሚበላ የታወቀ ነው። ሰማዩ አንድ ቀን ቀድሞ ንፍሮውን በተነ፤ የዝግጅቱ መጠን ግን ትንሽ በዛ።

ኢንሹራንስን በተመለከተ ታሪካዊ ንጽጽር ያስፈልጋል። ባንዳንድ የአገራችን ገጠር በረዶ ይመልሳል የሚባል ደብተራ ነበር፤ ገበሬውም እህል ይሰፍርለታል። በረዶው ካልመጣ ደብተራው መልሶታል፣ ከመጣም የገበሬው ኃጢአት አይሎበታል። የእኛ ኢንሹራንስ በየወሩ ይሰፈርለታል፣ በረዶውን ግን እመልሳለሁ ብሎ አያውቅም። ካለፈ በኋላ ጠመኔ የያዘ ሰው ይልካል። ሰውየው ዓርብ መጥቶ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በጠመኔ ከበበ፤ ካምሪው ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ። 38 ቆጠረ፣ እኛ 41 ቆጥረን ነበር። ሦስቱ የቆዩ ናቸው አለ። ከዚያ ዲዳክቲብል የሚባለው ተቀናሽ ተሰላና፣ ከጥገናው ግምት በ60 ዶላር በልጦ ተገኘ። በሥነ ዘዴ ረገድ ደብተራው ይሻላል የሚል አቋም የያዝነው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ወደ መከላከል ተሸጋገርን። አንድ የአልጋ ልብስ፣ ሁለት የመኪና ምንጣፍና ከአገር ቤት የመጣ ባለ አራት ድርብ ጋቢ ሰበሰብን። ጋቢውን ኮፈኑና የፊት መስታወቱ ላይ አለበስን፣ ጫፉን በሮቹ ውስጥ ቆልፈን ወጠርነው። ጥበቡ በግንባር በኩል ዋለ። በ8 ሰዓት ደመናው መጣ፣ አጉረመረመ፣ ጥቂት ሽምብራ ጣለና ወደ አውሮራ አለፈ። ጋቢው ግን ርሶ ክብደቱ በግ አከለ።

እሑድ ጋቢውን ሳናነሣ ቤተ ክርስቲያን በጎረቤት መኪና ሄድን። ስንመለስ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ጀበናቸውን በረንዳ ላይ ጥደው ካምሪውን ትክ ብለው ያዩታል።

«ምነው ልጄ፣ አተኮሰው እንዴ?» አሉን።

እስከ ነሐሴ እንደማይለቀው ነገርናቸው። «እግዜር ይማረው» አሉና ቡናውን ቀዱልን።