የአንድ ቦይ ሰዎች

ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት ጠላቶች ሆነው አያውቁም። ይህን ለማስረዳት በሐምሌ ዝናብ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ እኩሌታውን በታክሲ፣ እኩሌታውን በእግሬ ሄጃለሁ፤ ነገም ቢመጣ እሄዳለሁ።

አንድ መጽሔት ስለ ሁለቱ ሯጮች ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ እንዳይለት ልኮልኝ ነበር። ሥራው ደህና ነው፤ ተርጓሚው ለፍቶበታል። አርዕስቱ ግን «ሁለቱ ጠላቶች» ይላል። እንግሊዝኛው «ራይቫልስ» ነው። ብደውል ስልክ አይነሳም፣ መልእክት ብልክ መልስ የለም፤ ጽሑፉ ደግሞ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ይገባል። ጃንጥላዬን አንስቼ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ወጣሁ።

ለገሃር ስንደርስ የታክሲው ጎማ ተነፈሰ። ወያላው ሒሳባችንን መልሶ አወረደን። ሌላ ብጠብቅ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል፤ የቸርችልን ዳገት በእግሬ ተያያዝኩት። ጎርፉ ቁልቁል ይወርዳል፣ እኔ ሽቅብ እወጣለሁ፤ ልቤ ግን ሲድኒ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2000፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ በዚያ ዓመት የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ነበር። በመጨረሻው ዙር ቴርጋት ቀድሞ ፈተለከ፤ የመጨረሻውን ኩርባ ሲጨርሱም የሚመራው እሱ ነው። ኃይሌ መስመሩ ጋ ደረሰበት፤ 27:18.20 ለ27:18.29። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! በዚያው ኦሊምፒክ ሞሪስ ግሪን በ100 ሜትር ሁለተኛውን የቀደመበት ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋል።

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ!» አለ አዘጋጁ፣ ወንበር እየሳበልኝ።

«የአርዕስቱ ነገር ነው።»

«‹ጠላት› እኮ ዓይን ይይዛል ጋሼ።»

መያዙንማ ይይዛል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ መጽሔቱ እንዲሸጥለት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰው ከእግር ኳስ ሜዳ ወጥቶ የሌላውን ቡድን ማልያ የለበሰ ልጅ ሲደበድብ አይቻለሁና ነገሩ ቀላል አይመስለኝም። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው አወራሁት። «ኮምፔቲተር» በዚያ ሩጫ የተሰለፈው ሁሉ ነው። «ኦፖነንት» ለዕለቱ ከፊትህ የቆመው ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ያበቃል። «አድቨርሰሪ» ጠንከር ይላል፣ ለፍርድ ቤትና ለጦርነት የሚስማማ ነው። «ኔመሲስ» ግሪኮች የበቀል አምላክ ያሏት ናት፤ አሁን ማለፍ ላቃተህ ሰው ይባላል። በ10,000 ሜትር ለቴርጋት ኃይሌ እንደዚያ ነበር፤ አትላንታ፣ አቴንስ፣ ሴቪል፣ ሲድኒ። «ራይቫል» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል።

መነሻው ላቲን ነው፤ «ሪቩስ» ጅረት፣ «ሪቫሊስ» ከጎረቤቱ ጋር ከአንድ ጅረት የሚጠቀም ሰው። ሼክስፒርም «ሐምሌት» መጀመሪያ ላይ ቃሉን አብረው ዘብ ለሚቆሙ ጓዶች ነው ያዋለው። ያደግሁበት አገር በመስኖ የሚለማ ስለሆነ ይህ ቶሎ ገባኝ። የውሃ አባት ተራ ያወጣል። ተራው ያልደረሰ ሰው በሌሊት መጥቶ የጎረቤቱን ጭቃ በዶማ ይንድና ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል፤ ባለተራው ፋኖስ ይዞ ይደርሳል፤ ሰፈሩ በጩኸት ይነቃል። እነዚያው ሁለት ሰዎች ቦዩ በደለል ሲሞላ ጎን ለጎን ቆመው ይጠርጋሉ፤ አንዱ ከቀረ የሁለቱም ሽንኩርት ይደርቃል።

ቴርጋት እ.ኤ.አ. በ1997 ብራስልስ ላይ 26:27.85 ሮጦ የኃይሌን ክብረ ወሰን ወሰደ። በዓመቱ ኃይሌ ሄንግሎ ላይ 26:22.75 ገባ። ማራቶን ላይም ያው ነው፤ ቴርጋት በ2003 በርሊን 2:04:55፣ ኃይሌ በ2007 እዚያው በርሊን 2:04:26። ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ ያን ያህል ይሮጥ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ሰው ጠላቱ እንዲጠፋለት ይመኛል፤ እነዚህ ግን አንዳቸው ለሌላው ያስፈልጉ ነበር።

ጥጉ ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያርሙ አንድ እናት ነበሩ። «ታዲያ ጣውንት በሏቸዋ» አሉ። አዘጋጁ ሳቀ፤ እኔ ግን ብድግ አልኩ። ላቲኑም ቃሉን አንዲት ሴት ለሚፈልጉ ሁለት ወንዶች ይሠራበት ነበር። «እትዬ፣ ከሁላችንም ይበልጥ ቀርበዋል» አልኳቸው።

«ጣውንት» አርዕስት አልሆነም። የመረጥነው «ተቀናቃኞች» ለቦታው ረዘመ፤ ፊደሉን አሳንሰን አስገባነው። ልጁ ራሱ ነው ያሳነሰው፣ በደስታ። ሽፋኑ ግን ከሦስት ቀን በፊት በቀለም ታትሞ አልቆ ነበር፤ መጽሔቱ ውስጡ «ተቀናቃኞች»፣ ላዩ «ጠላቶች» ሆኖ ወጣ። ማስተካከያ ጽፌ ሰጠሁ፤ በሚቀጥለው እትም አወጡልኝ።