ወንበሩ የታለ?

ሰቆጣ ለአገር የሰጠችው ብዙ ነው። ዋግሹም ጎበዜን አጼ ተክለ ጊዮርጊስ አድርጋ ዙፋን ላይ አውጥታለች። የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ከአለት ፈልፍላ አቁማለች። ሐምሌ 2007 ዓ.ም ላይ ደግሞ ስሟን ሰጥታለች። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ዜሮ አደርሳለሁ ብሎ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። የቃል ኪዳኑን ሥራዎች ያየ ሰው ምግቡንና ጤናውን ሲቆጥር ቆይቶ ያልጠበቀው ነገር ላይ ይደርሳል፤ ሽንት ቤት።

የልጅ ቁመት ከሽንት ቤት ጋር ምን አገናኘው? አንጀት ነዋ! ሜዳ ላይ የቀረ ዓይነ ምድር በዝንብ፣ በእጅና በውኃ ተሳፍሮ ልጁ አፍ ይገባል። አንጀቱ በየጊዜው ሲታመም የበላው እህል ሥጋና አጥንት መሆኑ ይቀርና ሹልክ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ የማወጋው ነገር ነውር ቢመስልም አገራዊ ጉዳይ ነው። ቡና እየጠጡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ስኒውን ቢጨርሱ ይሻላል።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተወልዶ ያደገ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አያቱን ይወቅ ብዬ ሰቆጣ ይዤው ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ያለውን ሽንት ቤት አሳየችው። አንገቱን አስግጎ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ የታለ?»

«የምን ወንበር?» አለች እናቴ። «ሊበላ ነው ሊያወጣ?»

«ቁጢጥ በል» አልነውና ግቢው ውስጥ ሞከረ። ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። በእግር ጣቶቹ ላይ ትንሽ ተወዛወዘና በጀርባው ተዘረጋ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የጎረቤት እረኞች ሊያዩት መጡ። አዲስ አበባ እየተማረ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው በየቀኑ አይገኝማ! ከመካከላቸው ትንሹ ተረከዙን ተክሎ፣ ጉልበቱን ብብቱ ሥር ከቶ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ አሳየው። ይህ ልጅ በዚያው አቀማመጥ ገበጣ ይዞ ቢቀመጥ ሳይነሳ ይመሽበታል።

«የከተማ ልጅ ያለ ቁርጭምጭሚት ነው እንዴ የሚወለደው?» አለች እናቴ አዝና።

ቁርጭምጭሚትስ ነበረው። የትም የተወለደ ሕፃን ድክ ድክ ማለት ሲጀምር መሬት የወደቀ ነገር የሚያነሳው ቁጢጥ ብሎ ነው። የከተማውን ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ መኪና ውስጥ ወንበር፣ ክፍል ውስጥ ወንበር፣ ቴሌቪዥን ፊት ሶፋ፣ ሽንት ቤት ውስጥም ወንበር ይጠብቀዋል። ያልታጠፈ መገጣጠሚያ ደግሞ መታጠፉን ይረሳል።

እርግጥ ለቁጢጥ ያልዋለውን ውለታ አልሰጠውም። ሽንት ቤት ገብቶ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሆኖ የወጣ የለም። የእረኛውን ባት ያጠነከረው ፍየል ተከትሎ የሚወጣው ዳገት ነው። የቁጢጥ ድርሻ ቁርጭምጭሚትን፣ ጉልበትንና ዳሌን እስከ መጨረሻው ማጠፍ፣ ሲነሱም ጭንን ማሠራት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን ሐድዛዎች ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንደጻፉት፣ ሐድዛዎች በቀን ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዐርፈው ይውላሉ። ከቢሮ ሠራተኛ በምን ይለያሉ ቢባል፣ ብዙ ጊዜ የሚያርፉት ቁጢጥ ብለው ወይም ተንበርክከው ስለሆነ የእግራቸው ጡንቻ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ይሠራል። ስንፍናም በቁጢጥ ሲሆን ጥቅም አለው ማለት ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ወንበር እስኪገኝ ልታገሥ ብሎ ያዘው። ለዚያውም ወቅቱ የበለስ ነው። እረኞቹ ለእንግዳ ክብር እየላጡ ያጎርሱት ነበር። በለስ ይጣፍጣል፤ ፍሬዎቹ ግን አይፈጩም፣ ሲበዙም መውጫው ላይ ተሰብስበው በሩን ይዘጋሉ። ሰገራን መያዝ ደግሞ በራሱ መዘዝ አለው። ትልቁ አንጀት ውኃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል፤ የደረቀው ሲወጣ ያማል፤ ያመመው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይይዛል። ይህ ሲደጋገም አንጀቱ ይለጠጥና «ሞልቻለሁ» ብሎ የሚልከው መልእክት ይደክማል። ከዚያ ቀጭኑ ፈሳሽ በደረቁ ዙሪያ እያመለጠ ሱሪ ያበላሻል። ወላጅ ተቅማጥ መስሎት ማስቆሚያ ፍለጋ ይሮጣል፤ ልጁ ግን የታመመው ድርቀት ነው።

እናቴ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ አቀረበች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጎራ ስትል ነገሩን ሰማችና አቀማመጡም ይታይ አለች። ከመውጫው ከፍ ብሎ አንጀቱን ከኋላ እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ፊት የሚስብ ጡንቻ አለ። ሰው ቆሞ ሲሄድ መንገድ ላይ የማይዋረደው ይህ መቀነት አንጀቱን አጥፎ ስለሚይዝለት ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ መቀነቱ በከፊል ብቻ ይላላል። ቁጢጥ ሲሉ ጉልበት ወደ ደረት ይቀርባል፣ መቀነቱ ይፈታል፣ መንገዱም ይቃናል።

ይህን በሰዓት የለኩ አሉ። ዶቭ ሲኪሮቭ የተባለ እስራኤላዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት 28 ጤነኛ ሰዎችን በተለያየ አቀማመጥ አስሞከረ። ቁጢጥ ሲሉ በአማካይ በ51 ሰከንድ ተገላገሉ፤ በተለመደው ወንበር ላይ 130 ሰከንድ ፈጀባቸው። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በራጅ ተመልክተው ወንበር ላይ 100 ዲግሪ የነበረው የአንጀት መታጠፊያ በቁጢጥ 126 መድረሱን ጻፉ። የጃፓኑ ጥናት የተሠራው በስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ለእድር ስብሰባም ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ቢሆንም ራጅ ፊት ለመጸዳዳት የደፈሩ ስድስት ሰዎች ምስጋና አይነፈጋቸውም።

አሜሪካኖችማ ነገሩን ገበያ አወጡት። ዩታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለእናትየው የሆድ ድርቀት ብሎ የሠራውን የእግር ማሳረፊያ «ስኳቲ ፖቲ» የሚል ስም አውጥቶለት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቸበቸበው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የአራት ሳምንት ጥናት ማሳረፊያውን ከሞከሩት 52 ሰዎች 71 በመቶው ቶሎ እንደጨረሱ፣ 90 በመቶው ማማጣቸው እንደቀነሰ ተናገሩ። የዕቃውን ሥዕል ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ አንድ እይታ በቃት። «በርጩማ ነው» አለች።

ልጁን ያዳኑት ግን እረኞቹ ናቸው። ምሰሶ አስይዘው፣ ተረከዙ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገው አለማመዱት፤ ሲለምድ ድንጋዩን አነሱት። አንድ ቀን ማለዳ ገብቶ ቆየና ደረቱን ነፍቶ ወጣ። እናቴ እልል አለች። እልልታውን ሰምታ የመጣችው ጎረቤት ማን ወለደ ብላ ጠየቀች።

እኔ በቁጢጥ ድል ስኩራራ እናቴ «ታዲያ የኔስ ጉልበት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁጢጥ ማለቱን አላጣችውም፤ ሲነሱ ነው ግድግዳው የሚያስፈልገው። ያረጀ ጉልበት ወንበር ይወዳል። አናጢ ጠርተን መካከሉ የተበሳ ወንበር አሠራን። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጅ ወንበሩን ወደ ዳር እየገፋ፣ አያት መልሳ እየጎተተች ክረምቱ አለፈ።

ቁጢጥን ሳሞግስ ግን ጉድጓድ ሁሉ ሽንት ቤት ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ሕፃን የሚፈራው ጨለማውንና የቀዳዳውን ስፋት ነው። ፈርቶ ወይ ይይዘዋል፣ ወይ ከአጥር ጀርባ ይሄዳል። የጨቅላውም ዓይነ ምድር «የልጅ ነው፣ ምን አለበት» ተብሎ ጓሮ ይደፋል፤ ተውሳክ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወረዱ። ይህን ያህል ሰው ከሜዳ ያስገባች አገር ትንንሾቹንም ማስገባት አያቅታትም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሰቆጣም ይሁኑ የሰሚት፣ ምክሬ አጭር ነው። ቤትዎ ያለው የወንበር ሽንት ቤት ከሆነ የልጅዎ እግር አየር ላይ እንዳይንጠለጠል በርጩማ ያስገቡለት፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል። አንጀት ከምግብ በኋላ ራሱ ይነቃልና ያኔ ያስቀምጡት። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ አይቆጡት፣ ስልክም አይስጡት። ውኃ፣ ጎመንና ገብስ ከፓስታና ከቺፕስ ይቅደሙ። ድርቀቱ ከሰነበተ ወይም ደም ከታየ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ያለዎት የጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነ ቀዳዳውን ለልጅ እግር ያጥብቡት፣ ክዳንና የሚይዘው እንጨት ያድርጉለት፣ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና ያስቀምጡ። አያት ካሉ ወንበር ያሠሩላቸው። ቁጢጥ ማለት የሚችል ልጅ ካለዎት ደግሞ ኋላ ቀርነት ነው ብለው አያስተዉት፤ ሲያድግ በዶላር ይገዛዋል።