አይ አም ፋይን
ዓለም ከተማ ላይ ፈረንጅ ከመኪና ወርዶ ወገቡን ሳያቃና፣ ከየአጥሩ ሥር «ሃው አር ዩ?» ይዘንብበታል። መልሱን የሚጠብቅ ግን የለም፤ ጠያቂው ራሱ «አይ አም ፋይን!» ብሎ ይገላግለዋል። የጀማን ሸለቆ ጠመዝማዛ ወጥቶ ለደከመ እንግዳ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

እንግዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጀርመናዊ ነው። ከተማዋ በሙኒክ አቅራቢያ ካለችው ፋተርሽቴተን ጋር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እህትማማች ናት። እንግሊዝኛውን እሱም እንደኛው ከጥቁር ሰሌዳ ነው የገለበጠው። እና ሁለት የተማሪ ደብተሮች መንገድ ላይ ተገናኝተው ይነባበባሉ፤ እንግሊዛዊ በአካባቢው ስለሌለ ማንም አያርምም።

ለ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ምስጋና ይግባውና እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ማስተማሪያው እሱው ነው። እስከዚያ ልጁ በየጠዋቱ ብድግ ብሎ በኅብረት «ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር» ሲል ያድጋል። ጉንፋን የጣለውም ፋይን ነው፤ ቁርስ ያልቀመሰውም ፋይን ነው። «አሞኛል» ማለት ምናልባት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይደርሰው ነበር፤ ያኔ ግን ተራውን ፎቶሲንተሲስ ይዞታል።